ሁለተኛዋ ትእዛዝ

የአረጋውያን መኖሪያው ሰዎች «ባለ ሽቦው» ይሉታል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ሽቦ ሲነካ ያየው የለም። አምፖል ሲቃጠልበት እንኳ ሰው ይጠራል። ሥራው ምድር ቤት ካለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ነው። ማውስ ይንቃል፤ «ማውስ ለጎብኚ ነው» ይላል። ሰዎቹ ግን ኮምፒዩተርና ሽቦ ምኑ ላይ እንደሚለያይ አይገባቸውም፤ እሱም ማስረዳት ሲሰለቸው ስሙን ተቀብሎ ዝም አለ።

በዚያ ጥቁር ስክሪን ሥር ማንም የማያያቸው ፕሮግራሞች ቀን ከሌት ይሠራሉ። ሰርቪስ ይባላሉ። አንዱ የመድኃኒት ሰዓት ያስታውሳል፣ አንዱ የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ይጠብቃል፣ አንዱ የውጭውን በር ይከፍታል ይዘጋል። የሚታይ መስኮት የላቸውም። አመስጋኝም የላቸውም፤ ሰው መኖራቸውን የሚያውቀው የቆሙ ዕለት ነው። ከሁሉም ግን ዋናው ደወሉ ነበር። በየአልጋው ራስጌ አንዲት ቀይ ቁልፍ ተንጠልጥላለች። አዛውንቱ ቁልፏን ሲጫኗት መልእክቱ ወደ ምድር ቤቱ ኮምፒዩተር ይወርዳል፣ የደወሉ ሰርቪስ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ ያለው ሰሌዳ የክፍሉን ቁጥር አብርቶ ይጮኻል። ሰርቪሱ ከሌለ ቁልፏ የልጅ መጫወቻ ናት።

እንግዲህ ነገሩ እንዲገባን ሁለት ትእዛዞች ማወቅ አለብን፤ ከሁለት አይበልጡም፣ አትፍሩ። አንደኛዋ «ስታርት» ናት፤ አሁን ተነሥተህ ሥራህን ጀምር ማለት ነው። ሁለተኛዋ «ኢኔብል» ናት፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር፣ ማንም ሳይቀሰቅስህ አብረህ ተነሣ ማለት ነው። አንዷ የሌላዋን ሥራ አትሠራም። ስታርት ብቻ የተባለ ሰርቪስ ዛሬ ሽር ጉድ ሲል ይውላል፤ ኮምፒዩተሩ አንድ ቀን ጠፍቶ ሲነሣ ግን እሱ ተኝቶ ይቀራል። ባለ ሽቦው ይህን ለአዳዲስ ባለሙያዎች ሲያስተምር፣ «ይህን የሚረሳ ሰው እጁን ከኪቦርድ ላይ ያንሣልኝ» ይል ነበር፣ አፉን ሞልቶ።

ራሱ ረሳው።

አዲሱን የደወል ፕሮግራም ያስገባ ዕለት ሥራ አስኪያጁ፣ ነርሶቹና መራመድ የሚችሉት አዛውንት ሁሉ ሰሌዳውን ከበው ቆመው ነበር። የድሮው ደወል ጉንፋን እንደያዘው ዶሮ ስለሚያንቋርር ሁሉንም አንገሽግሿቸው ነበር። ባለ ሽቦው ላፕቶፑን ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ሰው እየበዛለት ሲሄድ ትንሽ እየተኩራራ፣ ስታርት የምትለዋን ትእዛዝ ጻፈ። «በሉ አንድ ሰው ሄዶ ይጫን!» አለ። ተጫኑ። ደወሉ ጥርት ብሎ ጮኸ። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው፤ አንድ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ጉንጩን ስሞ «እድግ በል» አለው፣ አርባውን ያለፈ ጎልማሳ መሆኑን ረስቶ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን ይዞ «ና አንተ፣ ሻይ ይገባሃል» ሲለው፣ ላፕቶፑን ከድኖ ተከተለ። የቀረችው አንዲት መስመር ነበረች። እሷን ጭብጨባው በላት።

ኮምፒዩተሩ መጠባበቂያ ባትሪ ስላለው መብራት በሄደ ጊዜ ሁሉ አይጠፋም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ለወራት ማንም ሳያውቀው ቆየ።

አንድ እሑድ ከምሳ በፊት መብራት ሄደ። ባትሪው አርጅቶ ኖሮ ቶሎ እጅ ሰጠ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ የመድኃኒቱ ሰርቪስ ተነሣ፣ የማቀዝቀዣው ተነሣ፣ የበሩም ተነሣ። ደወሉ ተኝቶ ቀረ። የነርሶቹ ሰሌዳ እንደ ወትሮው አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ጸጥ አለ። እሑድ የጠያቂ ቀን በመሆኑ አብዛኞቹ አዛውንት ከልጆቻቸው ጋር ግቢ ውስጥ ነበሩና ጸጥታው ለማንም እንግዳ አልሆነም።

የዕለቱ ተረኛ ነርስ የባለ ሽቦው ሚስት ታላቅ እህት ነበረች። «እትዬ» ይላታል። ሥራ አጥቶ ቤት በዋለበት ዘመን ሥራ አስኪያጁን ደጅ ጠንታ እዚህ ያስገባችው እሷ ናት፤ አንድም ቀን ግን ውለታዋን አንሥታበት አታውቅም። አዛውንቱ ሲስተር ይሏታል፣ ሳቂታ ነች፣ ክኒን የማይውጡትን ሁሉ በቀልድ ታስውጣለች።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ እማማ ዳይሬክተር አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ትምህርት ቤት ሲመሩ የኖሩ፣ ዛሬም ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ያላስገባ ወንድ ክፍላቸው የማይረግጥ ሴት ናቸው። እግራቸው ብቻ ነው የከዳቸው። ያን እሑድ ልጃቸው እስክትመጣ ጋደም ብለው ሳለ መታጠቢያ ቤት መሄድ ፈለጉ። ቁልፏን ተጫኑ። ደግመው ተጫኑ። ተጣሩም፤ ድምፃቸው ግን ከተዘጋው በር አላለፈም። እትዬ በዚያው ጊዜ ምድር ፎቅ ላይ ያሉ፣ መዋጥ የሚያስቸግራቸውን ሽማግሌ በማንኪያ ሾርባ እያጠጣች፣ አንድ ጆሮዋን ሰሌዳው ላይ ጥላ ነበር። ልጃቸው አበባ ይዛ ስትገባ እናቷ በረጠበ አንሶላ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

«ውጪ» አሏት። «እንዳታዪኝ።»

ከዚያ ጉድ ፈላ። ልጅቷ ደረጃውን እየጮኸች ወረደች። ሥራ አስኪያጁ በእሑድ ቁምጣው ከቤቱ መጣ፤ ፊልም ላይ ያያቸውን መርማሪዎች መሰለና «ባለሙያው እስኪደርስ ማንም ቁልፍ እንዳይነካ!» ብሎ አዘዘ። ባለ ሽቦውም ከምሳ ገበታው ተጠርቶ መጣ።

ምድር ቤት ወርዶ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላው፣ ትንፋሹ ማጅራቱ ላይ እስኪሰማ ድረስ ተጠግቶ ቆመ። እትዬ በሩ ላይ ነበረች፤ የሾርባው ጠብታ ሽርጧ ላይ ገና አልደረቀም።

«አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሲስተር አልደወለም ትላለች። እማማ ደጋግሜ ደወልኩ ይላሉ። ደወሉ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«ደውሎ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለች እትዬ ከበሩ።

ባለ ሽቦው የሰርቪሱን ሁኔታ የምታሳየዋን ትእዛዝ ጻፈ። መልሱ ወዲያው መጣ። ሰርቪሱ ሞቷል ይላል። ከፍ ብሎ ደግሞ ኢኔብል እንዳልተደረገ ይናገራል። ማንም አላዘዘውም ማለት ነው፤ ማንም ማለት ደግሞ እሱ ነው። ክው አለ። ሥራ አስኪያጁ ያንኑ ስክሪን አፍጥጦ ያየዋል፣ ለእሱ ግን ፊደሎቹ የጉንዳን ሰልፍ ናቸው።

በኋላ ለራሱ እንኳ ማስረዳት ያቃተው የዚያችን ቅጽበት ነገር ነው። ልዋሽ ብሎ አልወሰነም። አስቦም አልነበረም። እጁ ዝም ብሎ የለመደውን ሠራ፤ የቆመ ሰርቪስ ያየ እጅ ያስነሣዋል። ስታርት ብሎ ጻፈ። የሞተው ተነሣ፣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ቃል በራ።

«ይሠራል» አለ።

ቃሉ እውነት ነበር። በዚያች ደቂቃ ይሠራ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አውጥቶ ላይ ያለችውን ጽዳት ሠራተኛ «የእማማን ቁልፍ ተጫኚው እስቲ» አላት። ደወሉ እስከ ምድር ቤት ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ቅድምስ?» አለች እትዬ። ድምፅዋ ከስቶ ነበር። «አሁንማ ይሠራል፤ ቅድምስ ይሠራ ነበር ወይ? እስቲ እይልኝ ወንድሜ።»

ዞሮ አላያትም። «ማሽኑ ላይ የሚታይ ችግር የለም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ በረጅሙ ተነፈሰ። ማሽን ከተበላሸ የቤቱ ጥፋት ነው፤ ነርስ ከዘነጋች ግን የአንዲት ሰው ጥፋት ነው፣ ያውም ይቅርታ በሚባል ነገር የሚያልቅ። እትዬን ክንዷን ይዞ ወደ ቢሮው ወሰዳት። ባለ ሽቦው ብቻውን ሲቀር ኢኔብል የምትለዋን መስመር ጻፈ። የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልፈጀችም። ከዚያ ሁለት እጆቹን ጭኖቹ መካከል ከቶ፣ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው እየተመኘ፣ ሁሉም ሰው ከደረጃው ላይ እስኪሄድ ድረስ ተቀመጠ።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ምን ቸገረው፣ በማግሥቱ አይናገርም?» ይል ይሆናል። ለመናገር እኮ ተነሥቶ ነበር። ጠዋት ጫማውን ሲያስር ተነሥቶ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ ተነሥቶ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ደርሶ እጁን ለማንኳኳት አንሥቶ ነበር። በሩ ከውስጥ ተከፈተና ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ «አንተ ባትኖር ትናንት ጉዳችን ነበር» አለው። የተነሣችው እጅ ፀጉሩን አከከች። ውሸት እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ጥፋትህን ብቻ ነው የምትናዘዘው፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ዝምታህንም ትናዘዛለህ፤ እሱ ደግሞ ይከብዳል።

እትዬ ጉዳይዋ እስኪታይ ከሥራ ታገደች። አመሻሹ ላይ ወደ እነሱ ቤት መጣች። ሚስቱ እህቷን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ጀርባዋን ታሻታለች፤ እሱ ወንበሩን ራቅ አድርጎ መነጽሩን ይጠርጋል። መነጽሩ ጠራ፤ መጥረጉን ግን አላቆመም።

«እኔ የሚገርመኝ» አለች እትዬ፣ «ሰምቼ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩ እንደሆነስ? ድካም ነበረብኝ። ሽማግሌው እየታነቁብኝ ነበር፣ ልቤ እሳቸው ላይ ነበር። ሰምቼ ሳልሰማ ቀርቼስ እንደሆነ?»

«ኧረ ተይ!» አለች ሚስቱ። «አንቺ? የሌላ ሰው ሕመም ካልሰማሽ የማን ልትሰሚ ነው?»

«ታዲያ ደወሉ ይሠራ ነበር እኮ። እሱ ራሱ አይቶታል።» ወደ እሱ ዞረች። «ወንድሜ፣ አንተ ታውቃለህ። ማሽን ይዋሻል እንዴ?»

«አይዋሽም» አለ። ይህም እውነት ነበር፤ እውነት እየመረጠ ሲናገር ቀኑ ሊያልቅ ነው።

ሚስቱ በኩራት አየችው። «ለነገሩ አንተ እዚያ መኖርህ በጀ እንጂ፣ ሌላ ባለሙያ ቢሆን ምን ብሎ ይጽፍባት ነበር» አለች። ያን ጊዜ ቢናገር ይሻለው ነበር። እሱ ግን ነገሩ እንዲያልፍ፣ እሷም ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ እሱም በሰላም እንዲተኛ ፈለገ፤ ሦስቱንም በአንድ ላይ። ስለዚህ ጉሮሮውን ጠረገና ዛሬም ድረስ ሲያስታውሰው ኩምሽሽ የሚያደርገውን ምክር መከረ።

«እትዬ፣ ለምን ይቅርታ ጠይቀሻቸው ነገሩ አይበርድም? እማማ ትልቅ ሰው ናቸው። ሰምቼ ዘገየሁ በያቸውና ይለፍ።»

«ያላደረግኩትን?»

«አላደረግኩም ብለሽ እርግጠኛ መሆን አትችዪም እኮ። አሁን አንቺው ነሽ ያልሽው።»

እትዬ ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች። ከዚያ «እውነትህን ነው» አለች።

ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። እማማ ዳይሬክተር ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እሷን አቁመው ሰሟት። ይቅር አሏት፤ ግን ከእንግዲህ ሰውነታቸውን እንዳትነካ ለመኑ። አዘዙ አይደለም፣ ለመኑ። ሥራ አስኪያጁም ነገሩ በሰላም በማለቁ ደስ ብሎት ከሥራ አላባረራትም፤ «ለጊዜው» ብሎ ልብስ ክፍል አስገባት። እትዬ ከዚያ ወዲያ ውሎዋ አንሶላ ማጠፍ ሆነ። ሳቋ ጠፋ። ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጩኸት ውስጥ ደወል የሰማች እየመሰላት ትወጣና ኮሪደሩ ላይ ትቆማለች፤ ባዶ ሲሆንባት ትመለሳለች። ባለ ሽቦው እንዳያገኛት በኋላ በር በኩል ነበር የሚገባው። አንድ ቀን እዚያም አገኛትና የሥራ ስልክ እንደመጣለት ሁሉ ዝም ያለ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ አለፋት። እንዲህ ያለ ሰው ሆነ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሚስቱ እህቷን ምሳ ጠርታ ሦስቱም ተቀምጠው ሳሉ፣ እትዬ ከቦርሳዋ አንዲት ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

«ምንድን ነው?» አለች ሚስቱ።

«ጆሮ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እንዴት ያለ ጠባብ ሳጥን ውስጥ አስገቡኝ መሰላችሁ። ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ቁልፍ ተጫኚ አሉኝ። ትንኝ የምታህለውን ድምፅ ሁሉ ሰማሁ። ጆሮሽ የወጣት ጆሮ ነው አሉኝ።»

«እሰይ! ታዲያ ይሄ ደስ ይላል እንጂ!»

«አይ» አለች እትዬ። «ጆሮዬ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጆሮዬ ደህና ከሆነ እንግዲህ ክፋቱ ከልቤ ነው። ሰምቼ ትቻቸዋለሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለች ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።»

ባለ ሽቦው ወረቀቷን ወደ ራሱ ስቦ አነበባት። ሥራውን ልትነጥቀው የምትችለው እውነት፣ ስሙን ልታጎድፍ የምትችለው እውነት፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ራሱ ብቻ ትመስለው ነበር። ሴትዮዋ ግን በጠራራ ፀሐይ ራሷን እየተቀማች ነው። ቀማኛው ደግሞ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዳቦ ያላምጣል። ተነሥቶ «ሥራ አለብኝ» አለና ወጣ። እዚያው ገበታ ላይ ለምን አልነገራትም ብትሉ፣ ዓይኗን ፈርቶ ነው። ከዓይኗ ይልቅ የሥራ አስኪያጁን ጠረጴዛ መረጠ።

ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው ሰማው። ስታርቱን፣ ኢኔብሉን፣ ባትሪውን፣ ሁሉንም። ከዚያ ተነሥቶ የቢሮውን በር ዘጋ።

«ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«አልተናገርኩም።»

«ጥሩ። ስማ፣ ነገሩ ተዘግቷል። እሷ ራሷ ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠይቃለች፣ ቤተሰቡም ተቀብሏል። አሁን ደወሉ ነው ያልሠራው ብንል፣ የእማማ ልጅ ነገ ጠበቃ ይዛ ነው የምትመጣው። ስንት አዛውንት ከዚህ ቤት እንደሚወጣ አስበኸዋል?»

«እትዬስ?»

«ልብስ ክፍል ምን አላት? ተቀምጣ ነው የምትሠራው። አሁን ደወሉ በራሱ ይነሣል አይደል?»

«ይነሣል።»

«በቃ እንግዲህ።»

በቃ የሚለው ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚያስጠላ ባለ ሽቦው ያን ዕለት ዐወቀ፤ እሱ ለራሱ ሲለው ከርሟልና። ላፕቶፑን ታቀፈና ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አስገባ።

እማማ ዳይሬክተር መስኮቱ ሥር ባለው ወንበራቸው ላይ መጽሐፍ ያነቡ ነበር። «ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉት። አልተቀመጠም። ቆሞ፣ ዳይሬክተር ቢሮ እንደተጠራ ተማሪ፣ ሁሉንም ነገራቸው። ደወሉ ሞቶ እንደነበር፤ ያን እሑድ የተጫኑት ቁልፍ ድምፁ የትም እንዳልደረሰ፤ ያልተነሣውም እሱ አንዲት መስመር ስለረሳ እንደሆነ፤ አይቶ እንደዋሸ። ሲስተር ምንም እንዳልሰማች። በመጨረሻ አንገቱን ደፋ።

እማማ መጽሐፋቸውን ዘጉ። «የሚስትህ እህት ናት አይደል?»

«አዎ እማማ።»

«ዐውቄያለሁ። ጨዋ ልጅ ነህ።»

«እማማ፣ ለእሷ ብዬ አይደለም። እውነቴን ነው።»

«ራሷ እኮ እዚያች አንተ የቆምክባት ላይ ቆማ ሰምቼ ዘገየሁ ብላኛለች። ሰው ያልሠራውን ጥፋት ሠራሁ ይላል እንዴ? ስንት ዘመን ተማሪ ያናዘዝኩ ሴት ነኝ።»

«እኔ ነኝ በያቸው ያልኳት!»

«ይኸዋ፣ ደግሞ ጨመረ» አሉና ሳቁ፤ እንደ እናት ነው የሳቁት።

ባለ ሽቦው ላፕቶፑን አልጋው ላይ ከፍቶ «ላሳይዎት» አለ። ሰርቪሱን አቆመው። «ይጫኑት እስቲ።» እማማ ቀይዋን ቁልፍ ተጫኑ፤ ጸጥ። ስታርት ብሎ ጻፈ። «አሁን ይጫኑት።» ተጫኑ፤ ታች ሰሌዳው ጮኸ። «አዩ? ያን ዕለት ልክ እንደመጀመሪያው ነበር። ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ይሄ አልተነሣም።»

እማማ ቁልፏን ቀስ ብለው ቦታዋ መለሱ። «ልጄ፣ አንተ ስትፈልግ ይጮኻል፣ ስትፈልግ ዝም ይላል። ታዲያ የዛሬውን እንጂ የዚያን እሑዱን በምን አሳየኸኝ?»

ሥራውን ከጀመረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

«ያን ቀን ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቅህ ይሠራል አልክ። ያኔ ትርፍ አልነበረህም፣ እውነትህን ተናገርክ። ዛሬ ዘመድህ አንጀትህን በልታህ መጣህ። አልፈርድብህም። እኔም እህት ነበረችኝ።»

በሩ ላይ የሰው ኮቴ ተሰማ። እትዬ የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ ቆማለች። ደወሉ ሲጮህ ነርሶቹ ሌላ ክፍል ነበሩና፣ እሷ ሮጣ መጥታ ነው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ምን ያህሉን እንደሰማች ፊቷ ላይ ማንበብ አያስቸግርም ነበር።

«ግቢ ሲስተር፣ ግቢ» አሉ እማማ። «ይኸው ወንድምሽ ጥፋትሽን ልሸከምላት ብሎ ሲምል ሲገዘት ነበር። እንዲህ ያለ ዘመድ ዛሬ የት ይገኛል? አመስግኚው።»

እትዬ እማማን አላየችም። እሱን አየችው፤ ላፕቶፑን አየችው፤ ተመልሳ እሱን አየችው። ሚስቱን ሊያገባ ሽማግሌ ከላከ ዘመን ጀምሮ የምታውቀው ፊት ነው፣ ሲዋሽና እውነት ሲናገር ትለየዋለች።

«ዐውቀህ ነበር?» አለችው።

«ዐውቄ ነበር።»

«በሩ ላይ ቆሜ እይልኝ ስልህ?»

«ያኔም።»

«ይቅርታ ጠይቂ ስትለኝ?»

«ያኔም እትዬ።»

«አየሽ» አሉ እማማ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ፣ «አሁንም አልተወም።»

የእትዬ ትከሻ ዝቅ አለ። ለብዙ ጊዜ ተሸክማው የከረመችው ነገር ከላይዋ ሲወርድ ለዓይን ይታይ ነበር፤ ለአንድ አፍታ እንደ ድሮዋ ልትስቅም መስላ ነበር። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ባለ ሽቦው ስድቧን ጠበቀ፣ ጥፊዋንም ጠበቀ፣ ቢመጣለት በደስታ ይቀበለው ነበር። እሷ አንሶላውን አልጋው ጫፍ ላይ አኑራ፣ ጠርዙን በእጇ አስተካከለች።

«አመሰግናለሁ» አለችው፣ እማማ እንዲሰሙ ጮክ ብላ።

እማማ ደስ ብሏቸው መጽሐፋቸውን አነሡ። እሱ ላፕቶፑን አቅፎ ተከትሏት ወጣ። ኮሪደሩ ላይ «እትዬ» ብሎ ጠራት። ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ለእህቴ አንተው ንገራት» አለች። «እኔ አልችልም። አፍራለሁ።»